ገመድ ያዥ

እኔ አልጠለቅኩም፤ ይኼን አስቀድሜ ልንገርህ ወዳጄ፣
ባሕሩን የማውቀው በዓይኔ አይደለም፣ በእጄ።
ሌላው ሰው ይወርዳል፣ እግሩን ድንጋይ ላይ አሳርፎ፣
አፍንጫውን በቀንድ መቆንጠጫ ቆልፎ፣
ጣቶቹን በቆዳ ሸፍኖ፣ ቅርጫቱን ባንገቱ፤
እኔ ከላይ እቆጥራለሁ፣ ነፍሱ እስክትመለስ ከቤቱ።

ኸልፋን ይባል ነበር የኔ ሰው፤ ዐሥራ ዘጠኝ በጋ
ከሙሐረቅ አብረን ወጣን፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ ሳይነጋ።
ሁለት ፍሬ ተምር፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ማታ ጦም፤
ሆዱ የሞላ ሰው ይከብደዋል፣ ትንፋሹ አይቆይም።

ቀን ሃምሳ ጊዜ ይወርዳል፤ ሃምሳ ጊዜ ገመዱን አዳምጣለሁ፤
ሁለቴ ሲነቀንቀው እንደ አዋላጅ እጎትተዋለሁ፤
ጨው እያስነጠሰው፣ ዓይኑ ደም ለብሶ ይወለዳል፣
ዛጎሉን ይደፋል፤ አንዴ ይተነፍሳል፤ ይወርዳል።

ክምሩ አድሮ ነው የሚከፈት፣ ናኾዳው ባለበት፣
ማንም የኔ ነው እንዳይል፣ ማን እንዳወጣው እንዳይታወቅበት።
መቶው ባዶ። ሁለት መቶው ባዶ። ሥጋው ይሸታል።
ድንገት ሽምብራ የሚያህል ሉል ከቢላዋ ጫፍ ብቅ ይላል።
ናኾዳው በቀይ ጨርቅ ይጠቀልለዋል፤ ዝም እንላለን፤
የማናውቃት ሴት አንገት ላይ እንደሚያድር እናውቃለን።

በመዝገቡ ላይ ግን ሉል የለም፤ ሩዝ አለ፣ ተምር አለ፣
ያምና ቀሪ፣ የአባቱ ቀሪ፣ እየተንከባለለ።
ኸልፋን ማንበብ አይችልም፤ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል፤
ያ ድንጋይ ከታች ይለቀቃል፣ ይኼ ግን ቤት ድረስ ይከተላል።

በሰባተኛው በጋ ጆሮው ፈነዳ። መጀመሪያ ደም፣ ቀጥሎ ዝምታ።
«ተገላገልኩ፣ ከእንግዲህ ጥልቁ አያመኝም» አለኝ የዚያን ማታ።
ከዚያ ወዲህ በየብስም በገመድ ቋንቋ ተግባባን፤
እጅጌዬን አንዴ ከሳበ፣ ቆይ ነው፤ ሁለቴ ከሳበ፣ እንሂድ፣ በቃን።
ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ናኾዳው ደጅ ብድር ስንለማመጥ።

ሴት ልጅ ተወለደችለት። ስም አውጣ ቢሉት፣ «ሉልዋ» ብሎ፣
«ዕድሜ ልኬን ለሰው አወጣሁ፤ ዛሬ ለቤቴ» አለ፣ ጣቷን በጣቱ አንጠልጥሎ።

ከዚያ ወሬ መጣ፤ ከቦምቤይ የሚመጣው ገዢ ቀረ፤
ሩቅ ምሥራቅ፣ አሉ፣ ዛጎል እንደ ዶሮ ይረባል፤ ሉል መጣል ጀመረ።
ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ ተጋደሙ፣ የጎድን አጥንታቸው ወጣ፤
ናኾዳውም ከሰረ፤ መዝገቡን ታቅፎ እኛው ደጅ መጣ።

ቀጥሎ ከበረሓው ጥቁር ዘይት ፈለቀ፤ እኔ ቧንቧ ተሸከምኩ፣
በደወል እየገባሁ፣ በደወል እየወጣሁ፣ በወር ደሞዝ አደርኩ።
አንዳንዴ ብረቱን ጨብጬ እቆማለሁ፣ ከታች ሰው ያለ ይመስል፤
ብረት አይነቀነቅም። ፎርማኑ «ምን ነካህ?» ይላል።

ኸልፋን በብርድ ወራት ወደቀ። ዘጠና እስክቆጥር ከታች የሚቆይ ሰው፣
ፍራሽ ላይ፣ መስኮቱ በተከፈተ ቤት፣ አየር አነሰው።
እጄን ያዘኝ። አንዴ ሳበኝ፤ ቆየሁ። ሁለቴ ሳበኝ፤
እግሬን ተክዬ፣ እንደ ጥንቱ፣ ጎተትኩ፤ ላብ አጠመቀኝ።
ክንዱ ብቻ መጣ። ቀላል ነበር፣ እንደ ባዶ ቅርጫት።
«ምን አለህ አጎቴ?» አለች ሉልዋ።
                    «እንሂድ፣ በቃን ነው ያለኝ» አልኳት።